የአደራ ፎቶዎች

ሚያዝያ 8 ቀን 2017፣ ረቡዕ፣ ቡታጅራ

ከዒድ ወዲህ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው፤ ወገቤን አላሳረፍኩም። ትናንት የአሚኔ ሂና ነበር። ወንድ ካሜራ ይዞ እዚያ ቤት ስለማይገባ የሴቶቹን ሂና የማነሳው እኔ ነኝ። በሩ ይቆለፋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ሻርፑ ሁሉ አልጋው ላይ ይቆለላል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚያልፉት ሴቶች ሌላ ሰው ይሆናሉ። ባሎቻቸው እንኳ እንዲህ ሲስቁ ያዩአቸው አይመስለኝም።

አሚኔ ፀጉሯን ለቃው ነበር፤ ወገቧን አልፎ ይወርዳል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሳውቃት ፀጉሯን ያየሁት ትናንት ነው። «ባሂራ፣ አደራ» አለችኝ፣ እጇ ላይ ሂናው ገና ሳይደርቅ። «ፎቶዎቹን ከአንቺ ሌላ ዓይን እንዳያያቸው። ሙስተፋም ቢሆን።» ሙስተፋ ባለቤቴ ነው። «ወላሂ አያያቸውም» አልኳት።

ከበሮው ሲሞቅ ከአክስቶቿ አንዷ ካሜራውን ከእጄ ነጥቃ እኔንም አነሳችኝ። ሻርፔ የት እንደወደቀ አላስታውስም። አንድ ፎቶ ናት፤ ስመርጥ አጠፋታለሁ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ችኮላ። ሚሞሪው ሞላ። ላፕቶፑም «ቦታ የለም» ይላል። እንደ ሁልጊዜው ሁሉንም ቴሌግራም ላይ ለራሴ ላክሁና ከሚሞሪውም ከላፕቶፑም አጠፋሁ። የአምናውም የካቻምናውም እዚያው ነው። አይሞላም፣ አይሰበርም፣ የሄድኩበት ይከተለኛል። ከፎቶ ቤቴ ጎን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት ውድነሽ ለፋሲካ ልትዘጋጅ በጊዜ ዘግታ ሄዳለች። እኔ ገና ሁለት ቤት ይቀረኛል።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ከአሚኔ መልእክት መጣልኝ። «የእህቴ ልጅ የሕፃናት ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ» ይላል። በጫጉላዋ ይህን ማሰቧ ገርሞኝ ሊንኩን ነካሁት። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ከዚያ የመጣልኝን ኮድ ጠየቀኝ፣ እሱንም ጻፍኩ። አንዲት ደንበኛ ለጉርድ ፎቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ስለነበር ብዙም አላሰብኩበት። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ኔትወርክ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ቴሌግራሜ አልከፈት አለኝ። እንደገና ልግባ ስል የማላውቀውን ሁለተኛ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አስቀምጬ አላውቅም።

ጠዋቱን ስልክ ስመልስ አለፈ። «ምን ነካሽ? ሆስፒታል ነኝ፣ ቶሎ ብር ላኩልኝ ብለሽ ጻፍሽልኝ እኮ» ይሉኛል። የሙስተፋ አክስት እትዬ ሃሊማ የምራቸውን ሊልኩልኝ ሲሉ ነው የደረስኩባቸው። ለአሚኔ ደጋግሜ ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው።

ውድነሽ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ገብታ «ብሩስ እሺ። እዚያ ውስጥ ሌላ ምን ነበረሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ቁጭ አልኩ።

ሚያዝያ 17፣ አርብ

በውድነሽ ስልክ ወደ ራሴ አካውንት ጻፍኩ። የገዛ ፊቴ ባለበት፣ የገዛ ስሜ ባለበት ቦታ «እባክህን መልስልኝ» ብሎ መጻፍ ምን ዓይነት ነገር ነው። ብዙም ሳይቆይ መለሰ። ፎቶ ነበር። የዱቄት ነጋዴው የሀጂ ሸምሶ ልጅ ሲፈን፣ አምና ሂናዋ ላይ፣ ትከሻዋ ተገልጦ ስትስቅ። ከሥሩ «ጥሩ ሥራ ነው» ብሎ ጽፎበታል።

ውድነሽ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «እኔ አላየሁም» አለችኝ። እንዳየች አውቃለሁ። እንደዚያ በማለቷ ግን ወደድኳት።

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

ሙስተፋ ትናንት መጥቶ ዛሬ ከሰዓት ተመለሰ። አዲስ አበባ ከወንድሙ ጋር ጨርቅ ይሸጣል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ምሳ ላይ «አካውንትሽን ሰርቀውሻል አሉ፤ እትዬ ሃሊማ ነገሩኝ» አለኝ።

«አዎ።»

«ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩት። ደክሞት ነበር፣ በመንገድ ተንገላቶ መጥቶ ላስጨንቀው አልፈለግሁም። ደግሞ የራሴ ነገር ቢሆን እነግረው ነበር። የሌሎች ሴቶች ምስጢር ነው። የእኔ አንዲት ፎቶ ብቻ ናት፣ እሷንም ከዚያ ሁሉ መካከል ማን ያገኛታል።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሳጅን ደበሌ የተረጋጋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። «ምን ዓይነት ፎቶ ነው?» አለኝ። «የሴቶች ነው» አልኩ።

«ራቁት ነው?»

«አይደለም። ፀጉራቸው ነው።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። አልሳቀብኝም። «ገባኝ እህቴ» አለኝ። «ክሱ እንዲጠነክር ሴቶቹ ራሳቸው ቀርበው ቃላቸውን ቢሰጡ ጥሩ ነው። እኛም ወደ ላይ እንጽፋለን፤ ሰውየው የት አገር እንዳለ ለማወቅ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ጊዜም ይወስዳል።»

ሴቶቹ ይምጡ አለኝ። ሴቶቹ እኮ አያውቁም።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ከወልቂጤ አሁን መግባቴ ነው። ውድነሽ ናት የላከችኝ፤ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የኮምፒውተርና የስልክ ደኅንነት ሥልጠና በነፃ እንደሚሰጥ ማስታወቂያ አይታ «ሂጂ፣ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም» አለችኝ። በተራራው በኩል ባለው መንገድ ሄድኩ። ጭጋጉ መስታወቱን ሸፍኖት ሾፌሩ በእጁ እየጠረገ ነበር የሚነዳው። መንገዱን ሙሉ፣ አንድ ሰው ስልኬን ተቀብሎ ሁለት ሦስት ነገር ነካክቶ «ይኸውልሽ» ሲለኝ ይታየኝ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ፣ የቡቲክ ልጆች ነበሩ። አሠልጣኙ ፊልጶስ ይባላል፤ ጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ወጣት ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ከኋላ ላሉት እንዲሰማ ደጋግሞ ይናገራል። የተናገረውን ሁሉ ጻፍኩ። ኮድ የሚጠይቃችሁ ሁሉ ሌባ ነው፣ መልእክቱ ከእናታችሁ ስልክ ቢመጣ እንኳ ደውላችሁ ድምፃቸውን ስሙ አለ። ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስቀምጡ። ሥራችሁን ሁለት ቦታ አኑሩ። የደንበኛን ነገር ከራሳችሁ ጋር አታቀላቅሉ። የማያስፈልጋችሁን አጥፉ፣ እጃችሁ ላይ የሌለውን ማንም አይሰርቃችሁም።

አጠገቤ የነበረው ባለ መድኃኒት ቤት «እኛን ማን ብሎ ይሰርቀናል? ባንክ አይደለን» አለ።

«ባንክ በር ላይ ዘበኛ አለ» አለው ፊልጶስ። «እናንተ በር ላይ የለም።»

ሰው ሁሉ እየጻፈ ነበር። ለእነሱ ምክር ነው። ለእኔ ግን እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ያለፈ ነገር ነበረች። ስለ ቤት አጥር የሚያስተምሩኝ ቤቴ ከተቃጠለ በኋላ ነው የመሰለኝ።

ሲያበቃ ቀርቤ ነገርኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ከዚያ በፊት የነበረኝ ተስፋ ያኔ ነው የወረደው።

«ሲሙ እርስዎ ጋ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው አንድ መንገድ አለ። አካውንቱ እንዲጠፋ ይጠይቃሉ። አንድ ሳምንት ያስጠብቃል። ሌባው በመካከል ካልሰረዘው ሁሉም ነገር ተደምስሶ እንደ አዲስ ይከፈትልዎታል።»

«ፎቶዎቹስ?»

«አብረው ይጠፋሉ።»

«ሌላ ቦታ የሉኝም። አልበማቸውን ያልወሰዱ ብዙ ናቸው።»

«ይገባኛል።»

«እሱ ዘንድ ያሉትስ ይጠፋሉ?»

«ቀድሞ ካወረዳቸው አይጠፉም።»

«አውርዷቸዋል?»

ወደ መስኮቱ አየ። «ብዋሽዎት ደስ ባለኝ» አለኝ። «አላውቅም።»

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ጠየቅሁ። ይጥፋ አልኩ። ጣቴ ስትነካው ምንም ድምፅ እንኳ አላሰማችም።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ሲፈን አልበሟን ልትጠይቅ መጣች። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁልጊዜ «እናትሽ ፎቶ ይምረጡ» እያልኩ አቆይቻታለሁ። ስታወራ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ፎቶዋን ያየው ሰው ዓይን በእኔ ዓይን በኩል የሚያያት መሰለኝ። ላሚኔት የሚያደርገው ማሽን ተበላሽቷል አልኳት። ማሽኑ ከጎኗ በርቶ ነበር።

ግንቦት 3፣ እሁድ

ተከፈተ። ባዶ ነው። አንድም ነገር የለበትም፣ አዲስ ስልክ እንደገዛሁ ቀን። የአምናው ሰርግ ሁሉ፣ የካቻምናው፣ ካቻምና ያገባችው የፋጡማ እናት፣ ዘንድሮ የሞተችው፣ እየጨፈረች ያለችበት ሁሉ፣ የለም።

ውድነሽ «እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይስ ልተው?» አለችኝ። እኔም አላወቅሁም። ሌባው ሳይሰርዘው መቅረቱ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምናልባት ግድ ስላልሰጠው ነው። የሚፈልገውን ወስዶ ቢሆን ነው።

ለፊልጶስ ደውዬ ስነግረው «ጥሩ አድርገዋል» አለኝ። ቀጥሎ የማደርገውን ስጠይቀው ሁለተኛ የይለፍ ቃል እንዳስቀምጥ ነገረኝ። አስቀመጥኩ። በባዶ ቤት ላይ ቁልፍ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ከማላውቀው አካውንት ሌላ ፎቶ መጣ። አሚኔ ናት። ፀጉሯ።

ብር ላኪ ይላል። ላክሁ። ማንንም አላማከርኩም። ከሰዓት እንደገና ጠየቀ።

ግንቦት 15፣ አርብ

ከዚህ በኋላ የለኝም ብዬ ጻፍኩለት። እውነት ነው፣ የለኝም። «እንግዲያው ቤተሰብ ይየው» ብሎ መለሰና ጠፋ። የማንን ቤተሰብ ነው? የሴቶቹን ቤተሰብ የት ያውቃል? ስማቸውን እንኳ አልጻፍኩባቸውም። ማስፈራራት ነው። ውድነሽም ማስፈራራት ነው አለችኝ፣ ግን ስትለኝ የሙስተፋን መምጫ ቀን ጠየቀችኝ። ምን አገናኘው?

ግንቦት 17፣ እሁድ

ሙስተፋ አልመጣም። ለአረፋ ዕቃ እየገባ ነው፣ ሥራ በዝቶበታል። ስልክም አልደወለም። ስደውልለት ጫጫታ ነው አለኝ፤ እኔ ጫጫታ አልሰማሁም፣ ግን ስልኬ እንደሆነ ድምፁን ማጥራት አቁሟል።

ግንቦት 22፣ አርብ

ዛሬ ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ቻናል ላይ የእኛ አገር ልጆች ወጥተዋል አሉ።» «የትኛው ቻናል?» «እኔ አላየሁም፣ አሉ ነው እንጂ።» ቃሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሻጩ «ትወስጃለሽ ወይስ ትተይዋለሽ?» አለኝ። ቤት ገብቼ ቻናል በቻናል ስፈልግ ዋልኩ። አላገኘሁም። ባለማግኘቴም አላረፍኩም። ያላገኘሁት ስለሌለ ይሁን ወይስ የት እንዳለ ስለማላውቅ፣ በምን እለየዋለሁ።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ትናንት አረፋ ነበር። አልሀምዱሊላህ በሰላም ዋለ። የሙስተፋ አባት ግቢ ከአዲስ አበባ በመጡ ልጆች ሞልቶ ነበር። በሬው ታረደ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሙስተፋ ከወንድሞቹ ጋር ሲስቅ ነበር። በሰው ፊት «ባሂራን አብሏት፣ ከስታለች» ብሎ ቁርጡን ራሱ አቀበለኝ። ደስ አለኝ።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ በመንገዳችን ላይ «ሂና ቤት ስትሄጂ አንቺም ትጨፍሪያለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አንዳንዴ።»

«ፀጉርሽን ፈትተሽ?»

«ሴቶች ብቻ ነን እኮ።»

«አዎ» አለ። ከዚያ ዘንድሮ መንገዱ ጥሩ እንደተሠራ አወራኝ። ለምን እንደጠየቀኝ አላውቅም። ሰው አንዳንዴ እንዲሁ ያስባል። ዛሬ ጠዋት ከወንድሙ ጋር በመኪና ሄደ። ሁልጊዜ ከአረፋ በኋላ ሳምንት ይቆይ ነበር፤ ዘንድሮ ሱቁን የሚጠብቅ የለም።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

እነግራቸዋለሁ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ፊልጶስም ይህንኑ አለኝ፤ «ደንበኛዎን ማሳወቅ ግዴታዎ ነው» አለኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ «ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ። እናቴ በስልክ «ዝም በይ» አለችኝ። «አላህ የሸፈነውን አንቺ ለምን ትገልጪዋለሽ?» ውድነሽ ሱቄን እንደምትጠብቅልኝ ብቻ ነገረችኝ።

ወደ ሲፈን ሄድኩ። ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «ፊቴ ይለያል?»

«ይለያል።»

በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 6፣ አርብ

አንዷ አለቀሰች። አንዷ ሳቀችብኝ፤ «እኔን አሮጊቷን ማን ያየኛል» አለች፣ ቀጥሎ ግን ሻርፗን እስከ ግንባሯ ሳበችው። የአንዷ እናት ደጃፍ ላይ አቁመውኝ «አንቺን አስገብተን በሩን የቆለፍነው አምነንሽ ነበር» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሊንኩን አስረዳለሁ ብዬ ሄጄ ነበር፣ ኮዱን፣ እንዴት እንዳታለለኝ። እዚያ ስቆም ያ ሁሉ ሰበብ ሆነብኝ።

ጣቢያ ሄዳ ቃሏን የምትሰጥ አንዲት እንኳ አላገኘሁም። ለሳጅን ደበሌ ስነግረው «ይገባኛል» አለ። ሁሉም ይገባዋል።

ሰኔ 8፣ እሁድ

አሚኔን መጨረሻ ላይ ነበር ያስቀመጥኳት። ባሏ ኢስሀቅ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ማረቆ ሄዷል ሲሉኝ ገባሁ። አዲስ ቤት ነው፣ የቀለሙ ሽታ ገና አልወጣም። ሻይ አቀረበችልኝ። ስኒውን ሳልነካ ጀመርኩ፤ ግማሽ ላይ ሳልደርስ «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«መልእክቱ ከእኔ አይደል የመጣልሽ?» ሻርፗን እየጠቀለለች ትፈታዋለች። «በሰርጌ ማግስት ለእኔም ከአጎቴ ልጅ መጣልኝ። ነካሁት። ከዚያ በስሜ ለስንቱ እንደላከ እንጃ። ለኢስሀቅ ስነግረው ስልኩን ዝጊው፣ ለማንም አትንገሪ፣ ሰው ይስቅብናል አለኝ። አንቺን እንደያዘሽ የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ልደውልልሽ አነሳለሁ፣ እተወዋለሁ። አነሳለሁ፣ እተወዋለሁ።»

«አሚኔ፣ ኮዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ስሜ ባይሆን ትሰጪ ነበር?»

ስሟ ስለነበረ ነው የሰጠሁት። ሁለታችንም ጥፋቱን እየተሻማን ትንሽ ቆየን፤ አንዳችንም ለሌላው አልተውንም። ሌባው የት አገር ሻይ እየጠጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

«የእኔን ልኮልሻል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

በዚህ መሀል ኢስሀቅ ሳይታሰብ ገባ። አሰላሙ አለይኩም ብሎ ከሩቅ ተቀመጠ፤ ጨዋ ልጅ ነው። «ባሂራ፣ እናቴ አልበሙን እየጠየቀች ናት። የሂናውን ባናይም የሰርጉን ስጪን» አለኝ ፈገግ ብሎ። ስለ ፎቶዎቹ ምንም አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የሚስቱ ስልክ መዘጋቱን ብቻ ነው።

«በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል ትላለች» አለችው አሚኔ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ልትዋሸው ነው። በእኔ ምክንያት። ተነሳሁ።

በር ላይ ሸኘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ባሂራ፣ ያን ቀን እንዴት ነበርኩ?» አለችኝ። «እኔ እኮ አላየሁትም። አልበሙ ሲመጣ አያለሁ ብዬ ነበር።»

ቆሜ ነገርኳት። ሂናው በግራ እጇ በኩል ትንሽ ወደ ክንዷ ወጥቶ እንደነበር፣ እናቷ ከኋላ ሆና ፀጉሯን ስትዳስስ እንደነበር፣ አንድ ጊዜ ስትስቅ አፏን መሸፈን ረስታ እንደነበር። ሐኪም እንደሚሰሙት ነበር የምትሰማኝ፤ ምንም እንዳያመልጣት። «በቃ?» አለችኝ ስጨርስ። ሌላም ፈልጌ ነገርኳት። አንዳንዱን ከሌላ ሙሽራ ጋር ሳልቀላቅለው አልቀርም።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ሲፈን ከዚያ ወዲህ ፊቷንም ሸፍና ነው የምትወጣው አሉኝ። ከቤት የምትወጣውም አልፎ አልፎ ነው።

ሰኔ 20፣ አርብ

ሙስተፋ ደወለ። ክረምቱን እናቴ ዘንድ ብቆይ ይሻላል አለኝ፤ ቤቱ ያፈሳል። እውነቱን ነው፣ አምናም መኝታ ቤቱ በኩል ያፈስ ነበር። «መቼ ትመጣለህ?» አልኩት። «እናያለን» አለኝ። ቁልፉን ለእትዬ ሃሊማ እንድሰጥ ነገረኝ፤ ጣሪያውን የሚጠግን ሰው ሲመጣ ይከፍቱለታል ማለት ነው። ደግነቱ አልተጣላንም። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

እትዬ ሃሊማ ቁልፉን ሲቀበሉኝ አቅፈው ሳሙኝ። ደጋግመው ሳሙኝ። «የሚያስፈልግሽን ሁሉ ይዘሻል?» አሉኝ። ለክረምት ብቻ ነው አልኳቸው።

ሰኔ 29፣ እሁድ፣ እናቴ ቤት

ዝናብ። ኔትወርክ የለም፣ ኮረብታው ላይ ካልወጡ በቀር። እናቴ ስለ ምንም አትጠይቀኝም። ከእንሰቱ ሥር ቆሜ ስታየኝ ግን ሥራዋን ታቆማለች። ፎቶ ቤቱን ውድነሽ እየከፈተች ታናፍስልኛለች። ሙሽሮች ሲመጡ «የለችም» ትላቸዋለች። መምጣትም እየቀነሱ ነው አለችኝ።

ሐምሌ 4፣ አርብ

ፊልጶስ ደወለ። በሚቀጥለው ሳምንት ወልቂጤ ላይ ሌላ ሥልጠና አለ። «እኔ የምናገረውን ሰው ይጽፈዋል፣ ግን አያደርገውም» አለኝ። «ከእርስዎ ቢሰሙት ይለያል። ስለ ፎቶዎቹ ዝርዝር መናገር የለብዎትም።» እንቢ አልኩት። ከዚያ ኮረብታው ላይ ቆሜ፣ ሌላ የሚጠራኝ ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። መልሼ ደወልኩለት።

ሐምሌ 11፣ አርብ

ትናንት ወልቂጤ ነበርኩ። አዳራሹ ከባለፈው የሞላ ነው። ፊልጶስ ስሜን ሳይጠራ «አንዲት ባለሙያ» ብሎ አስተዋወቀኝ። አስቤ የሄድኩት ሌላ ነበር፣ የተናገርኩት ሌላ ሆነ። ኮዱን ነገርኳቸው። ለጉርድ ፎቶ የተቀመጠችውን ደንበኛ ነገርኳቸው፣ ቸኩዬ እንደነበር። ሰዎች በአደራ የሰጡኝን ነገር አንድ ቦታ ከምሬ እንደነበር።

ስለ ሲፈን በር ልናገር ስጀምር ከፊተኛው መስመር አንድ ሰው ስልኩን ወደ ፊቴ ቀና አደረገ። እየቀረፀኝ ነው። ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ እባክህ አትቅረፀኝ» አልኩት።

«ለራሴ ነው፣ እንዳልረሳው» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ የእውነት ሊማርበት ፈልጎ ነው። «ለሚስቴ ልልክላት ነው፣ እሷም ሱቅ አላት።»

ፊልጶስ ሄዶ አናገረው፤ ስልኩን አወረደው። አጠፋው ወይስ አላጠፋው? ልጠይቀው አልቻልኩም። ቀሪውን ባጭሩ ጨርሼ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡልኝ። ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ያ የባለፈው፣ አሁንም መጥቶ ነበር። ሁለተኛውን የይለፍ ቃል አስቀምጦ እንደሆነ ስጠይቀው «ጊዜ አጣሁ» አለኝ።

ልወጣ ስል አንዲት ሴትዮ እጄን ያዙኝ። የቸሃ ሰው ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ። «ልጄ፣ እኔ ማንበብ ብዙም አልችልም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ» አሉኝ። «ያልሽውን ቁልፍ አሁኑኑ አድርጊልኝ። ቤት ከገባሁ እተወዋለሁ።»

መስኮቱ ዳር ተቀመጥን። ስልካቸው መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ቅመሙ ገብቶበት ቀልቷል። ቦታውን ፈልጌ አገኘሁላቸው። «አሁን አንድ ቁጥር ያስቡና ይጻፉ» አልኳቸው።

«አንቺ ምረጪልኝ።»

«አይሆንም። እኔም ማወቅ የለብኝም።»

«አንቺን አምኜሻለሁ እኮ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከኋላዬ ጣታቸው መስታወቱን አንድ በአንድ ሲነካ ይሰማኛል። ቀስ ብለው ነው፤ እየደገሙ ነው። ውጪ ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል።

«ጨርሻለሁ። ዙሪ ልጄ» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ ይታገሡኝ፣ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገባ» አልኳቸው።

ሐምሌ ነው፤ ወልቂጤ ላይ አቧራ የለም። እሳቸው ግን ስልካቸውን እንደያዙ ጠበቁኝ።